ከአሰብ መንገድ እስከ ዘይት አሸዋ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ሥራና ስለ ስደት አንድ ነገር እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ብዙ ካሰብን በኋላ የመረጥነው ስለ አንድ ሰው መናገርን ነው። ሰውየው አጎታችን ናቸው። የእኅታቸው ልጆች አምስት ስንሆን ሦስታችን እዚህ ኤድመንተን፣ ሁለቱ አገር ቤት እንገኛለን፤ ንግግሩም የሁላችንም ስለሆነ «እኛ» እያልን እንናገራለን። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ «ጋሼ» እያላችሁ ትጠሯቸው ስለነበር የእኛ ብቻ ናቸው ለማለት አንደፍርም። ስማቸውን ግን አንጠራም። በሕይወት ሳሉ «ስሜን ቄሱ በጸሎት ይጥሩት እንጂ በመጽሔት አታውጡት» ብለውናልና ቃላቸውን እናከብራለን።

ይህን የምናነሳው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ዛሬም ወደ ሰሜን እየተመላለሱ በነዳጅ ዘይት ሥራ ላይ የሚገኙ ብዙ ልጆች አሉን። ከአጎታችን ሕይወት ለእነርሱ የሚሆን ነገር አለ ብለን እናምናለን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ እናሳውቃለን።

አጎታችን የተወለዱት በ1954 በሰሜን ሸዋ ነው። ትምህርታቸው ከ7ኛ ክፍል አላለፈም። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ታናናሾቻቸውን ለመርዳት በ17 ዓመታቸው የከባድ መኪና ረዳት ሆኑ። የዚያን ዘመን ረዳትነት ምን እንደነበረ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ታኮ ይዞ መዝለል፣ በሐሩር ጎማ መፍታት፣ ሌሊት ከመኪናው ሥር ተኝቶ ጭነት መጠበቅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የራሳቸውን መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ጥቂት ቆይቶም ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴ ተሰጣቸው።

ለልጆቻችን ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። በአሰብ ወደብ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ የነዳጅ ማጣሪያ ነበር። በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ። ድፍድፉ ዘይት በመርከብ ይመጣል፤ በማጣሪያው ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ መሀል አገር የሚያመጡት ቦቴዎች ነበሩ። መንገዱ ከአሰብ ተነሥቶ በቡሬ፣ በማንዳና በኤሊዳር አድርጎ ሚሌ ይገባል፤ ከሚሌ በባቲ በኩል ኮምቦልቻን፣ ከዚያም ከሚሴንና ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ይወጣል። ታች በረሃው እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ ላይ ጣርማበር ላይ ደግሞ ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፉ እንኳ አይታይም። አጎታችን በዚህ መንገድ ላይ 15 ዓመት ነዱ። «ቦቴ የሚነዳ ሰው አያጨስም፤ አይቸኩልም፤ የማያውቀውን ድምፅ ንቆ አያልፍም» ይሉን ነበር። ይህ ቃል ኋላ በሌላ አገር፣ በሌላ መኪና ላይ ሕይወታቸውን እንዳተረፈላቸው ወደፊት እንነግራችኋለን።

በ1990 ጦርነቱ መንገዱን እያጠበበ ሲመጣ አጎታችን አሰብ ላይ ነበሩ። መመለሻ ሲያጡ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። እዚያም ሁለት ዓመት በቀን ሥራ ከቆዩ በኋላ በ1992 ኤድመንተን ገቡ። በዚህ መሀል አባታችን አርፈው እናታችን አምስት ልጅ ይዘው ቀርተው ነበር። እንግዲህ አጎታችን ለራሳቸው የክረምት ጫማ ሳይገዙ የእኛን ሸክም ተሸከሙ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቀን በሆቴል ዕቃ በማጠብ፣ ሌሊት ቢሮ በማጽዳት አሳለፉ። 15 ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው መጥረጊያ ሲይዝ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያሻም፤ ከእናንተ መካከል ይህን ያላለፈበት ጥቂት ነው። እርሳቸው ግን በአውቶቡስ ሲሄዱ የመንጃ ፈቃዱን መጽሐፍ እየገለጡ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል አጠኑት። በአልበርታ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገው ክላስ ዋን የሚባለው ፈቃድ ነው፤ በሦስተኛው ሙከራ በ1996 አገኙት።

ለእኛ የሚልኩት ገንዘብ ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ይመጣ ነበር። ከገንዘቡ ጋር ደግሞ ካሴት አይጠፋም። ስልክ ውድ ስለነበር ድምፃቸውን ቀድተው ይልኩልናል። በካሴቱ ላይ አምስታችንንም በየስማችን እየጠሩ «ስንተኛ ወጣህ? ስንተኛ ወጣሽ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን የሚሰሙ ይመስል ትንሽ ዝም ይሉ ነበር። እናታችን በዚያ ዝምታ መካከል «አንደኛ ወጥቷል፣ ወንድም ዓለም» እያሉ ለቴፑ ይመልሱለት ነበር። ኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባነውም ሆነ በንግድ የተሰማራነው በዚያ ገንዘብና በዚያ ጥያቄ ነው።

በ1999 አጎታችን ወደ ፎርት ማክመሪ ወጡ። ፎርት ማክመሪ ከኤድመንተን ወደ ሰሜን 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ በአታባስካ ወንዝ አካባቢ ያለው ዘይት በሌላ አገር እንደምንሰማው ከጉድጓድ የሚፈልቅ ቀጭን ዘይት አይደለም። ከአሸዋ ጋር የተጣበቀ፣ እንደ ሬንጅ የወፈረ ነው። ከመሬቱ ገጽ ቅርብ የሆነው እንደ ማዕድን ይቆፈራል። መጀመሪያ ጫካውና አፈሩ ይነሣል፤ አሸዋው በትልቅ ማሽን ተዝቆ በገልባጭ ይጫናል፤ ከተፈጨ በኋላ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ ሬንጁ ከአረፋ ጋር ከላይ ይንሳፈፋል። ጥልቅ የሆነውን ደግሞ እንፋሎት ወደ ታች እየላኩ አቅልጠው ያወጡታል። በሙቅ ውኃ የማጠቡን ዘዴ በ1920ዎቹ ያዳበሩት ካርል ክላርክ የተባሉ የአልበርታ ሳይንቲስት ናቸው። ከአሸዋው ውስጥ ሬንጅ የሚሆነው ከመቶ 10 እጅ ያህሉ ብቻ ስለሆነ አንድ በርሜል፣ ማለትም 159 ሊትር፣ ለማግኘት 2 ቶን ያህል አሸዋ ማጠብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ትልቅ የዘይት አሸዋ ማዕድን ሥራ የጀመረው በ1967 ነው። አጎታችን ይህን ከአንድ የቆየ ሠራተኛ ሲሰሙ በጣም ገረማቸው። የአሰብ ማጣሪያም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነበርና። «ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ግን ይኸው ዓለምን ይመግባል» እያሉ በትካዜ ሲናገሩ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል።

የተሰጣቸው መኪና ገልባጭ ነው፤ ነገር ግን እኛ አገር እንደምናውቀው ያለ ገልባጭ አይደለም። ትልቁ በአንድ ጊዜ ወደ 360 ቶን ይጭናል። የጎማው ቁመት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ሹፌሩ ወደ መቀመጫው የሚወጣው በደረጃ ነው። ከላይ ሲታይ ከጎኑ ያለ ትንሽ መኪና ጨርሶ አይታይም፤ ስለዚህ በማዕድኑ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ መኪኖች ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ሰቅለው ይሄዳሉ። ሥራው 12 ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ ሳምንት ቀን፣ አንዳንዱ ሳምንት ሌሊት። በጃንዋሪ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ሞተር ጠፍቶ ካደረ ማስነሣት ጭንቅ ነው፤ ብረቱ ሳይቀር ይሰባበራል። በበጋ ደግሞ መሬቱ በውስጡ ባለው ሬንጅ ምክንያት ይላላና ጎማ ይውጣል።

ማደሪያው ካምፕ ነው። አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ረጅም ኮሪደርና የጋራ መመገቢያ አዳራሽ። አጎታችን ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም ሳያፈርሱ በዚያ ኖሩ። ሻንጣቸው ውስጥ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ አይጠፋም። የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኞች መጀመሪያ «ሥጋ የማይበላ የዘይት ሠራተኛ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ግን የጾሙን ቀን ቈጥረው ባቄላና ምስር ያለ ቅቤ ይሠሩላቸው ጀመር። ሰው እንዲህ ነው፤ ከተከበረ ያከብራል።

በታክሲ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንዲህ ያሉትን ሠራተኞች እናውቃቸዋለን። ሌሊት በ10 ሰዓት አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዘው ከደጃቸው ይቆማሉ፤ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲሄዱ አብዛኞቹ አይናገሩም። ሲመለሱ ደግሞ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ያንቀላፋሉ። ልጃቸው የተወለደበትን ቀን፣ የእናታቸውን የሞት መርዶ ካምፕ ሆነው የሰሙ ብዙ ናቸው። የሚያገኙትን ገንዘብ ቈጥሮ የሚቀና ሰው ይህንን አብሮ ይቍጠር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአንድ የጃንዋሪ ሌሊት፣ ብርዱ ከመኪኖቹ ጭስ ጋር ተደባልቆ የበረዶ ጉም በማዕድኑ ላይ ወረደ። አጎታችን ጭነው እየወጡ ሳለ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋቸው። በራዲዮ አሳውቀው አቆሙ። አለቃው ሌሎች እየነዱ መሆናቸውን ነግሮ እንዲቀጥሉ ቢያስቸኩላቸውም «እኔ ጣርማበርን በጉም የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መቆም ያለበትን ጊዜ አውቃለሁ። አላይም፤ ስለዚህ አልነዳም» አሉ። ነገሩ ተመርምሮ መንገዱ እንዲዘጋ ተደረገ። ጉሙ ሲገልጥ እርሳቸው ከቆሙበት ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ አንድ ትንሽ መኪና ተበላሽቶ ሁለት መካኒኮች በውስጡ ተቀምጠው ተገኙ። ከሁለቱ አንዱ በቀብራቸው ዕለት ከሩቅ መጥቶ ከእኛ ጋር ቆሞ አልቅሷል።

ወገኖቻችን፣ አጎታችን በዚያ ሌሊት ያደረጉት ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበራቸው። በአልበርታ ሕግ ሠራተኛ ሦስት መብት አለው። ስለ ሥራው አደጋ የማወቅ፣ በደኅንነት ጉዳይ የመሳተፍ፣ እንዲሁም አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት መብት ነው። በዚህ ምክንያት ሠራተኛውን መቅጣት ሕጉ ይከለክላል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለሚባለው ጋዝም እንዲሁ ይመክሩ ነበር። ይህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ገማ እንቍላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተትን ያደነዝዛል፤ ሰውም ሽታው ጠፋ ብሎ ሲረጋጋ ይወድቃል። «አፍንጫችሁን አትመኑ፣ መሣሪያውን እመኑ» ይሉ ነበር።

በ2011 አጎታችን ከገልባጩ ደረጃ ላይ በበረዶ ተንሸራተው ወገባቸው ተጎዳ። ጓደኞቻቸው «ዝም በል፤ ሥራህን ታጣለህ» ብለው መከሯቸው። እርሳቸው ግን በዚያው ቀን አስመዘገቡ፤ ለሠራተኞች ካሳ ቦርድም ወረቀቱን ሞሉ። ሕክምናው ተከፈለላቸው፤ ቀለል ያለ ሥራ ተሰጥቷቸው ቆይተው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። በዚያው ዘመን ትከሻው የተጎዳ አንድ የአገራችን ልጅ ግን ደብቆ በመድኃኒት ብቻ ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ እጁን ማንሣት ሲያቅተው ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ የሚያስረዳ አንድም ወረቀት አልነበረውም። ሁለቱም ታታሪዎች ነበሩ። የለያያቸው አንድ ወረቀት ነው። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ አሠሪው ጉዳቱን ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለቦርዱ ማሳወቅ አለበት፤ ሠራተኛው ደግሞ ጥያቄውን ለማቅረብ 24 ወር አለው። ጊዜው ረጅም ይመስላል፤ ምስክር ግን ይበተናል፤ ሰውም ይረሳል።

አጎታችን ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነበራቸው። በየደመወዙ ገንዘባቸውን ለሦስት ይከፍሉታል። አንዱ ለአገር ቤት፣ አንዱ ለኑሮ፣ ሦስተኛው «ሥራ ለሌለበት ቀን» የሚል ነው። ሌሎች አዲስ ፒክአፕ ሲገዙ እርሳቸው በአሮጌ ኮሮላ ይመላለሱ ነበር። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የአንድ በርሜል ዘይት ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ ብዙ ሺህ ሰዎች ከሥራ ተቀነሱ። ባንክ መኪናቸውንና ቤታቸውን የወሰደባቸው የእኛም ሰዎች ነበሩ። የአጎታችን ሦስተኛው ገጽ ያን ጊዜ ተከፈተ፤ ከዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይ የተከፈለለት ሰው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ።

በዚያው ዓመት በሜይ 3 ፎርት ማክመሪ በሰደድ እሳት ተከቦ ነዋሪው ሁሉ እንዲወጣ ታዘዘ። ወደ 88,000 ሰው ከቤቱ ወጣ፤ ወደ 2,400 የሚጠጉ ቤቶችና ሌሎች ሕንጻዎች ተቃጠሉ። ወደ ደቡብ የሚያወጣው ዋና መንገድ 63 ቍጥር አንዱ ብቻ ነበር። አጎታችን የዕረፍት ቀናቸው ስለነበር ከተማው ውስጥ ነበሩ። ኮሮላዋ ውስጥ አራት ጎረቤቶች ጭነው ግራና ቀኙ በሚነድ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘግሙ አድረው ኤድመንተን ገቡ። በዚያ ሳምንት በየቤታችን ስንት ሰው በምንጣፍ ላይ እንዳደረ ታስታውሳላችሁ። ማን የት እንዳረፈ፣ ማን ልብስ እንደሌለው፣ ማን መድኃኒት እንደሚፈልግ በአጎታችን ደብተር ላይ ተጻፈ። ይህ ማኅበር በ2016 የተመሠረተው ከዚያ የስም ዝርዝር ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት ስናከብር ያንን ደብተር አብረን እናከብራለን።

በ2018 ጡረታ ወጡ። ወገባቸውና ጆሯቸው ደክሞ ነበር። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር የቡሬ ድንበር ሲከፈት በቴሌቪዥን እያዩ «መንገዴ» ብለው ዝም አሉ። አገር ቤት ገብተው የመኖር ሐሳብም ነበራቸው፤ ለዚህም ሕጉን ቀድመው አጥንተዋል። የካናዳ የአረጋውያን ጡረታ እዚህ ለሚኖር ሰው ከ18 ዓመት ዕድሜው በኋላ 10 ዓመት መኖር ሲጠይቅ፣ ከአገሩ ወጥቶ ለመቀበል ግን 20 ዓመት መኖርን ይጠይቃል። ከደመወዝ የተቆረጠው የካናዳ ጡረታ ግን የትም ቢኖሩ ይከፈላል። ይህን ሳያውቁ በ17ኛውና በ18ኛው ዓመታቸው ጠቅልለው የገቡ ሰዎች አሉ። አገር ቤት ለመግባት የምታስቡ ሁሉ ዓመታችሁን ቍጠሩ።

አጎታችን በዚህ ዓመት ጥር ወር በ71 ዓመታቸው አረፉ። በቀብሩ ጉዳይ አምስታችን አልተስማማንም። አገር ቤት ያሉት አስከሬናቸው ይምጣልን አሉ፤ ታላቅ እኅታችን ከእናታችን መቃብር አጠገብ ቦታ ይዛላቸው ነበር። እዚህ ያለነውም በሐሳብ ተከፍለን ነበር። በመጨረሻ ደብተራቸውን ስንገልጥ በኋለኛው ገጽ እንዲህ የሚል አገኘን። «ካረፍኩበት ቅበሩኝ። ለአስከሬን የሚወጣው ገንዘብ ለልጆች መማሪያ ይሁን። ተዝካሬን አታብዙት። እኅቴን ይቅርታ ጠይቁልኝ።» እንዳሉት አደረግን። በዚያ ገንዘብ ሁለት የእኅታችን ልጆች በዚህ ዓመት ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ታላቅ እኅታችን ግን እስከ ዛሬ ልቧ አልረጋም፤ የያዘችውንም ቦታ ለሌላ አልሰጠችም። ስደት እንዲህ ነው፤ ትክክለኛው ነገር ተደርጎም የሚያዝን ሰው አይጠፋም።

እንግዲህ ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሠራተኛ መብትና የካሳ አጠያየቅ በአማርኛ ተጽፎ ለአባላት ይታደል፤ ቅጽ መሙላት ለሚከብዳቸውም በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚረዳ ሰው ይመደብ። እኛ ሦስታችን በተራ ለመቀመጥ ቃል እንገባለን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል የሚቀበርበትን ቦታና የገንዘቡን ነገር በሕይወት ሳለ ይጻፍ፤ ቤተሰብ በሐዘን ላይ ጠብ እንዳይጨመርበት ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ሦስተኛ፣ በዘይት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዋጋው ሲወጣ ለሚወርድበት ቀን አስቀምጡ፤ ስትጎዱም አትደብቁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብሂላችንን አጎታችን ሲሰሙ «መጀመሪያ ድሩን ማን ይፈትል?» ይሉ ነበር። እርሳቸው የድርሻቸውን ፈትለው ሄደዋል። የቀረው የእኛ ነው።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ያጽናልን፤ በሰሜን በሥራ ላይ ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን።